«ሄድን፣ አየን፣ የለም» ለሚለውም ቦታ ይሰጠው

ይድረስ፦ በሮቤ፣ በጎባ፣ በዲንሾና በጊኒር ለምትገኙ የግብርና፣ የምርምር፣ የትምህርትና የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ በጎ ፈቃደኞች ስለ መጤ ወራሪ አረም የሚሰበስቡት መረጃ በካርታና በግራፍ ተሠርቶ ወደየቀበሌው እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ስለ ቅንጬ አረም ነው፤ በሐረርጌ ፋራምሲሳ ስለሚሉት። ክፋቱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆንብኝ፣ ደብዳቤውን ለሚያነበው ሌላ ሰው ስል ብቻ ባጭሩ ልለፈው። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በምሥራቅ ኢትዮጵያ መንሰራፋት የጀመረ አረም ነው። አንዱ እግር ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። እርጥበት ካገኘ በቅሎ ለማበብ ሁለት ወር አይፈጅበትም። የበላችው ላም ወተቷ ይመራል፤ አዘውትሮ የሚነካው ሰው ቆዳው ይቆጣል፣ አንዳንዱም ትንፋሹ ይታፈናል።

የባሌን ጉዳይ ለየት የሚያደርገው ከፍታው ነው። አረሙ በአገራችን እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ይበቅላል፤ ሮቤ የተቀመጠችው እዚያው ወሰን ላይ ነው። ጎባ ከዚያ ከፍ ትላለች፤ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ከቆላው የሚመጣው መኪና ደግሞ በሁለት በኩል ይወጣል፤ በጊኒርና በጎሮ መንገድ ወደ ሮቤ፣ በደሎ መናና በሐሬና ጫካ አድርጎ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ጎባ። ሳነቴ ላይ ውርጩ ያጠፋዋል ብለን እንጽናና ይሆናል፤ ጎማ ላይ የተጣበቀ ዘር ግን ሳነቴ ላይ አይወርድም፣ ጎባ ድረስ ይዘልቃል። ሮቤና ጎባ ዳር ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ተረኛው ውሃ ነው። ሻያና ቶጎና ወደ ዌብ ይገባሉ፣ ዌብ በሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ቆላውን ይዞ ይወርዳል። ሽቅብ በጎማ፣ ቁልቁል በውሃ።

ይህን ሁሉ የሚከታተል ሠራተኛ መንግሥት ሊቀጥር እንደማይችል እናውቃለን። አንድ የልማት ሠራተኛ ስንቱን ማሳ ይደርሳል? ዓይን ያላቸው ግን ብዙ ናቸው። በክረምት በጎ ፈቃድ የሚወጡ ተማሪዎች አሉ፣ ከብት የሚያግዱ ልጆች አሉ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውቶች አሉ፣ በየማለዳው ማሳውን የሚዞር ገበሬ አለ። እነዚህ ሰዎች ያዩትን ይጽፋሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹም ወደ ላይ ይሄዳል። ጥያቄዬ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደ ላይ የሄደው ወደ ታች አይመለስም። ቢመለስም በሪፖርት ውስጥ አንዲት ድምር ቁጥር ሆኖ ነው።

እኔ በሮቤ የሒሳብ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ዳር፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ፣ ኮምባይነር በሚቆምበት ሜዳ እየዞሩ ይመዘግባሉ። የተሰጣቸው ቅጽ አራት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ቦታ፣ የአረሙ ዓይነት፣ ብዛት። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቀኑንና ቦታውን ሞልታ ሦስተኛው ዓምድ ላይ «አየን፣ የለም» ብላ ጻፈች። ቅጹን የተረከበው ሰው በቀይ እስክሪብቶ ሠረዘባት። «ካልተገኘ ምኑ ይጻፋል?» አለ። ልጅቷ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም አልጻፈችም፤ ቀጥላም መምጣት ተወች።

የሠረዘው ሰው በተንኮል አላደረገውም፤ ቅጹ የጠየቀውን ነው ያደረገው። ነገር ግን ልጅቷ የጻፈችው ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ መረጃ ነበር። ቅንጬ እዚህ ከፍታ ላይ ገና በሚመጣበት ሰዓት፣ ትልቁ ጥያቄ «የት ነው ያለው» ብቻ አይደለም፤ «እስከ የት አልደረሰም» የሚለውም ነው። ግንባሩ የሚሰመረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። «አየን፣ የለም» ከተሰረዘ ሰው ሄዶ ያጣበት ቦታና ማንም ያልረገጠው ቦታ ካርታው ላይ እኩል ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ከዚያ አንድ ኃላፊ ነጩን አይቶ «ይሄ ቀበሌ ንጹህ ነው» ብሎ ይፈርማል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይሄ ነው። የምትሠሩት ካርታ ሦስት ነገር ለይቶ ያሳይ፤ ታይቶ የተገኘበትን፣ ታይቶ ያልተገኘበትን፣ ጭራሽ ያልታየበትን። ሦስተኛው ነጭ ይሁን። ነጭ የቀረ ቦታ ሁሉ ለሚቀጥለው ሳምንት የሥራ ዝርዝር ነው።

ሁለተኛው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለት ቀበሌዎችን በሐሳብ እንውሰድ። በአንደኛው በጎ ፈቃደኞች 40 ጊዜ ወጥተው 10 ጊዜ አረሙን አገኙ። በሌላው 3 ጊዜ ብቻ ወጥተው 3ቱንም ጊዜ አገኙት። ነጥብ ብቻ የሚቆጥር ካርታ የመጀመሪያውን ቀበሌ በ10 ነጥብ ያቀላዋል፣ ሁለተኛው በ3 ነጥብ ጤነኛ ይመስላል። እውነታው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ አንዱ ከአራት መውጫ አንድ ጊዜ ነው ያገኘው፣ ሌላው በወጣ ቁጥር ነው። ይህን ልጆቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይረዱታል። ወረዳ ላይ ግን ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። የቀላው ቀበሌ ሊቀመንበር ግምገማ ላይ ይጠየቃል፣ ተመልሶ ልጆቹን ሰብስቦ «ከእንግዲህ ብዙ አትመዝግቡ» ይላል። ክፉ ካርታ ዓይን ያስከድናል። ስለዚህ ቀለሙ የሚወሰነው በተገኘው ብዛት ሳይሆን ከወጡበት ጊዜ በስንቱ አገኙት በሚለው ይሁን፤ ስንት ጊዜ እንደወጡም ቁጥሩ እዚያው ቀበሌው ላይ ይጻፍ። ብዙ የወጣ ቀበሌ ያ ቁጥር ክብሩ ነው።

መረጃ በካርታ ተሠርቶ ወደ ታች መመለሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ባሌ ራሷ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ከመታ በኋላ ዲገሉ የተባለው ዝርያ ተስፋፋ፤ በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2013) ኅዳር አካባቢ ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ዲገሉን አርሲና ባሌ ላይ አወደመው። ያኔ ማሳው ውስጥ የቆመ ሰው ሊረሳው አይችልም። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ሲሚት፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተባብረው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የዋግ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጉ። የዳሰሳ ቡድን ማሳ እያየ በጂፒኤስ ይመዘግባል፣ የነፋሱ ትንበያ የዋጉ ብናኝ ወዴት እንደሚነፍስ ያሳያል፣ ውጤቱ በካርታ ተሠርቶ ወደ ግብርና ሠራተኞች ይላካል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የ8028 የስልክ መስመርም ገበሬው ጋ የሚደርስበት አንዱ መንገድ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ የዋግ ዳሰሳ ቡድን ንጹህ ማሳ ሲያጋጥመውም ይመዘግባል። ለዋግ የተፈቀደው «የለም» ለቅንጬ ለምን ይከለከላል?

ከስንዴው ወጣ ብለን ፓርኩን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ ብዙ ቀበሮ ፈጀ። መላውን የባሌ ቀበሮ መከተብ የሚቻል አልነበረም። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራሙ ሰዎች ያደረጉት ካርታ ላይ ማየት ነው፤ ሬሳው የተገኘው የት የት ነው፣ የዌብ ቀበሮዎች ከሌሎቹ ጋር የሚገናኙት በየትኛው ጠባብ መተላለፊያ ነው ብለው። እዚያ መተላለፊያ ላይ ያሉትን መንጋዎች ከተቡ፣ በሽታውም ተገታ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ቀይ ቀበሮ ቀርቶ፣ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ እያለ፣ የት ላይ መረባረብ እንዳለበት የነገራቸው ቦታና ቀን ያለው መዝገብ ነው። ድምር ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ «ይህን ያህል ሞተ» ከማለት አያልፍም ነበር።

የቅንጬም መተላለፊያ ይኖረዋል። የእኔ ግምት ኮምባይነር ነው። በቦና (በመኸሩ) አጨዳ ጊዜ ኮምባይነሮች ከወረዳ ወረዳ፣ ከዞን ዞን ይሻገራሉ። ከአንዱ ማሳ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ የሚጠርገው ማነው? በአውስትራሊያ ቅንጬ ኩዊንስላንድን ካጥለቀለቀ በኋላ ጎረቤቱ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከዚያ የሚመጣ የእህል ማጨጃ ተጠርጎና ተፈትሾ ካልሆነ አላስገባም ብሏል። እኛ ኬላ ማቆም ባንችል እንኳ መንገዱን ማወቅ እንችላለን። የትኛው ኮምባይነር ከየት መጥቶ የት እንደሚያጭድ ከደላሎቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ሮቤ ሻይ ቤት ተቀምጠው በስልክ የሚያሠማሩት እነሱ ናቸው። የእነሱን መስመር በአንድ ቀለም፣ አረሙ የተገኘበትን በሌላ አድርጎ አንድ ወረቀት ላይ የሣለ ሰው ግምቴ ልክ ይሁን ስህተት በአንድ የአጨዳ ወቅት ውስጥ ይነግረኛል። ስህተት ከሆነም ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ ወደ መኪና ማጠቢያውና ወደ አሸዋ መኪናው ፊታችንን እናዞራለን።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልጨምር። የጣና እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ጀምሮ ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል፣ ማሽን ሲገዛ፣ ዲያስፖራው ሲያዋጣ አይተናል። በየመግለጫው የሚጠራው የሄክታር ቁጥር ግን አንዱ ከሌላው አይገጥምም ነበር። አንዱ ምክንያት እምቦጭ ከክረምት በኋላ ሲሰፋ በበጋ ስለሚሳሳ ነው። ጥቅምት ላይ ለክቶ ግንቦት ላይ መልሶ የለካ ሰው ሁልጊዜ ድል አድርጓል። ባሌ ውስጥ ደግሞ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ ገና የምንለው በልጉና ቦና የምንለው መኸሩ። ስለዚህ ግራፋችን የፈረንጅ ሩብ ዓመት ይዞ ቢመጣ ለማንም አይገባም። ይህን ገና ካለፈው ገና፣ ይህን ቦና ካለፈው ቦና ጋር ጎን ለጎን አድርጉልን። ወሩ መስከረም፣ ጥቅምት ተብሎ ይጻፍ። ገበሬው ያን ጊዜ «አዎ፣ ያኔ ዝናቡ ዘግይቶ ነበር» ብሎ ራሱ ይተረጉመዋል። ግራፉን እኛ ልናስረዳው አይገባም፤ እሱ ነው የሚያስረዳን።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ባለፈው አንድ ሥልጠና ላይ ያማረ የቀለም ካርታ ታየን። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ። ሁላችንም ወደድነው። ሠልጣኙ ሁሉ ይዞ እንዲሄድ ፎቶ ኮፒ ተደረገ። ኮፒው ማሽን ጥቁርና ነጭ ነው። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ፤ ክፉኛ የተወረረውና ንጹሁ ቀበሌ አንድ መልክ ያዙ። ይህ የማሽኑ ጥፋት አይደለም። የኛ ቢሮዎች ጥቁርና ነጭ ኮፒ ማሽን እንዳላቸው እያወቀ በቀለም ብቻ የሣለው ሰው ነው ያላሰበበት። ከወንዶችም ከመቶ ጥቂቱ ቀይና አረንጓዴ አይለዩም፤ በየቀበሌው ስብሰባ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፣ አላይም ብሎ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ በመስመርና በነጥብ ይሁን። የተገኘበት ጥቅጥቅ ያለ ሰያፍ መስመር፣ ታይቶ ያልተገኘበት አነስተኛ ባዶ ክብ፣ ያልታየው ነጭ። በባለሙያ የተረጋገጠው ነጥብ ውስጡ የተሞላ፣ ገና በፎቶ ያልተረጋገጠው ውስጡ ክፍት። ቅንጬ ገና ቡቃያ ሳለ መሬት ላይ ተንጠፍጥፎ ቅጠሉ ካሮት ይመስላል፣ ለአሪቲም ይቀርባል፤ ልጆች ይሳሳታሉ፣ መሳሳታቸውም አያሳፍርም። ክፍት ነጥብ «ጠርጥረናል፣ ሂዱና እዩልን» ማለት ይሁን።

ወንዝና መንገድ ይሣል፤ ሻያ፣ ቶጎና፣ ዌብ፣ የጊኒር መንገድ። ሰው ካርታ ላይ ቤቱን የሚያገኘው በዚህ ነው እንጂ በኬንትሮስ አይደለም። የገበሬው ስምና ማሳው ግን አይውጣ። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ሳጥን ይበቃል። «የእገሌ ማሳ» ተብሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰው ሁለተኛ ሰው አያስገባም፤ የመሬት ነገር ደግሞ በአገራችን የሚቀለድበት አይደለም። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞ ይሁን። እኔ ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ግልባጩ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ነው።

ዌብሳይትና ዳሽቦርድ ልሥራላችሁ የሚል ፕሮጀክት እንደሚመጣ አልጠራጠርም፣ ይምጣ። እኔ ግን ግድግዳውን ነው የማምነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ የዶሜይኑ ክፍያ ይቋረጣል፣ ገጹም አይከፈትም። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ቢያንስ እስኪቀደድ ይነበባል። ስልክ ላለው ያንኑ ወረቀት በትንሽ ፎቶ በቴሌግራም መላክ ነው። አዲስ ወረቀት በየወሩ፣ ያለፈው ወር ከጎኑ ሳይነሳ። የመዘገቡት ልጆች መጥተው የራሳቸውን ነጥብ በጣታቸው የሚያሳዩበት ይሁን። የእኔ ተማሪዎች የሚፈልጉት ሰርተፍኬት አይደለም፤ ቅዳሜ የሄዱበት ሰኞ እንዲታይላቸው ነው።

ሌላም አለ። ባሌ ለሁለት ዞን ከተከፈለች ወዲህ ጊኒር የምሥራቅ ባሌ ሆናለች። ሁለት ዞን ሁለት ፋይል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ካርታም ወሰኑ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። ዋናው የአረም መንገድ ግን በትክክል ያን ወሰን ይሻገራል። የፓርኩም ወሰን እንዲሁ ነው። 2,150 ስኩዌር ኪሎ ሜትሩ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ በዲንሾ የሚያልፈው ዋና መንገድ ደግሞ ኒያላው የሚግጥበትን የጋይሳይን ሜዳ ጥሶ ያልፋል። እባካችሁ አንድ ቅጽ፣ አንድ ካርታ ይኑረን። ማን ያስቀምጠው የሚለው ጥያቄ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። በእኔ አስተያየት የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል የአረም ባለሙያ አለው፣ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ካርታ መሣል የሚማሩ ተማሪዎች አሉት፤ አንዱ ያረጋግጥ፣ አንዱ ይሣል፣ ዞኖቹ ያባዙ። የተሻለ ሐሳብ ያለው ካለ እቀበላለሁ።

ልጆቹን በሚመለከት ግን የማልደራደርበት ነገር አለ። ሥራቸው ማየትና መጻፍ ነው። ያበበ ቅንጬ በባዶ እጁ የሚነቅል ተማሪ እንዳይኖር፤ ዘመቻ ሲጠራ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ከሌለ አላሰልፋቸውም። ፎቶ ለመነሳት ሲባል ሕፃናትን አረም ውስጥ ማቆም ይቅር።

የምጠይቀው በጀት አይደለም። የቦና አጨዳ ከመጀመሩ በፊት፣ ማለትም እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ ቅጹ ላይ አምስተኛ ዓምድ ይጨመር፤ «ታይቶ አልተገኘም» የሚል። ከተገኙት ወረቀቶች አንድ የሙከራ ካርታ ይሠራ፤ ነጭ የበዛበት ቢሆንም ግድ የለም፣ እንዲያውም ይብዛ። ለሦስት ቀበሌ ብቻ ይለጠፍ፤ አንዱ ጊኒር መንገድ ላይ፣ አንዱ ሮቤ ዳር፣ አንዱ ጎባ ከሳነቴ በሚወርደው በኩል። ኅዳር ላይ ማን አነበበው፣ ማን ተከራከረበት፣ ማን «እኛ ጋ ያለው አልገባም» ብሎ መጣ የሚለውን አብረን እናያለን። እኔና የክበቡ ተማሪዎች ቅዳሜዎቻችንን ለዚህ እንሰጣለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሮቤ መምህር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ
ለኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ አዲስ አበባ
ሮቤ ለሚገኙ የኮምባይነር ባለቤቶችና ደላሎች (በቃል ይነገራቸው፤ ደብዳቤ አያነቡም፣ ስልክ ግን ያነሳሉ)